አብሽሩ፣ ግን ቀስት አትሸምድዱ

ደሴም ኮምቦልቻም ሆናችሁ ባዮሎጂና ጤና የምትማሩ ልጆቼ፣ ይቺ ለእናንተ ናት። ደብተራችሁን አይቼዋለሁ። ገጹ ሙሉ በሦስት ቀለም እስክሪብቶ የተሳለ ቀስት ነው። “ካልሲየም ጨመረ፣ ካልሞዱሊን ነቃ፣ ጡንቻ ተኮማተረ።” ያምራል። ፈተና ላይ የነርቭ ሴል ሲመጣ ግን ጉድ ይፈላል።

እስቲ ከስሩ እንጀምር። ባረፈ ሴል ውስጥ ያለው ነጻ ካልሲየም ከውጭው ወደ 10,000 ጊዜ ያህል ያንሳል። ሴሉ ኃይሉን እያፈሰሰ ቀን ከሌት ወደ ውጭና ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ወደሚባለው የውስጥ መጋዘኑ ይገፋዋል። ለምን ይለፋል? ውስጡ ጭር ካለ ጥቂት ካልሲየም ሲገባ ወዲያው ይታወቃላ!

ይህን ከሚያውቁት አንዱ ካልሞዱሊን ነው። ትንሽዬ ፕሮቲን ናት፣ 148 አሚኖ አሲድ ብቻ። አራት ካልሲየም ትይዛለች። ስትይዝ ቅርጿ ይለወጥና ተደብቆ የነበረው ውሃ የማይወደው ገጿ ይገለጣል፤ በእሱ ሌላ ፕሮቲን ላይ ትለጠፍና ያኛውን ሥራ ታስጀምረዋለች። ራሷ ኢንዛይም አይደለችም። የሰኞ ገበያ ደላላ በሏት፤ አትሸጥም፣ አትገዛም።

እንግዲህ ሥራው የሚለያየው በተቀባዩ ነው። የደም ሥር ግድግዳ ላይ ያለው ለስላሳ ጡንቻ በእሷ ይኮማተራል፣ አንጎል ውስጥ ለትምህርትና ለትዝታ የሚያስፈልገው ካም-ካይኔዝ 2 የተባለው ኢንዛይም በእሷ ይነሳል፣ ቲ ሴል በሚባለው ነጭ የደም ሴል ውስጥ ደግሞ ካልሲኒዩሪን የተባለውን ኢንዛይም ቀስቅሳ የበሽታ መከላከያ ጂኖች እንዲሠሩ ታደርጋለች። (ኩላሊት የተተከለለት ሰው የሚወስደው ሳይክሎስፖሪን የሚያግደው ይሄንኑ ካልሲኒዩሪን ነው።) የልብና የአጥንት ጡንቻ ሲኮማተር ግን ካልሲየሙን የሚቀበለው ትሮፖኒን ሲ የተባለ ሌላ ፕሮቲን ነው። ይቺን ስንቱ ጎበዝ ተማሪ ሲያምታታት አይቻለሁ!

ስለዚህ ቀስት ከመሳላችሁ በፊት “እዚህ ሴል ውስጥ ካልሞዱሊንን ማን እየጠበቃት ነው?” በሉ። ከዚያ ካልሲየሙ የት ገባ፣ ምን ያህል ቆየ።

አሁን አንድ የቤት ሥራ። ሰው ይህችኑ አንድ ዓይነት ካልሞዱሊን የሚሠሩ ሦስት ጂኖች አሉት፤ ከእናትም ከአባትም ስለሚወርስ ቅጂው ስድስት ይሆናል። ከስድስቱ በአንዷ ላይ ብቻ የተፈጠረ ለውጥ የልጅ ልብ ምት አዛብቶ ሊገድል ይችላል። አምስቱ ጤነኛ ሆነው ለምን? ቡና ላይ ተከራከሩበት፣ መጽሐፍ ሳትገልጡ።