የአያት ሸክላ ግድግዳ ላይ ይሰቀል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14 ነው። አያቴ በወጣትነታቸው አስመራ፣ ቃኘው በሚባለው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ይሠሩ ነበር። ዘንድሮ ሲያርፉ 12 የሙዚቃ ሸክላ በእንጨት ሳጥን ትተውልኛል። ትሪ ያህላሉ፣ ማጫወቻዬ ላይ አይገቡም። 11ዱ ጥቁር ሆነው ሲይዟቸው ለመጥ ለመጥ ይላሉ። አንዱ ግን ከባድ ነው፣ መሐሉ ላይ ትርፍ ቀዳዳዎች አሉት፣ መሐሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ በእርሳስ «አስመራ» ተብሎ ተጽፏል። ጣና ዳር ላውንጅ የሚከፍት ልጅ ግድግዳ ላይ ሊሰቅላቸው ፈልጎ ሽጪልኝ ብሎኛል። ልሽጥለት?

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ለልጁ ለጊዜው «ቆይ» በይው።

እነዚህ ለገበያ የወጡ ሸክላዎች አይደሉም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1942 ለወታደሮቻቸው የራዲዮ አገልግሎት አቋቁመው ነበር። ሙዚቃውንም ድራማውንም ቀልዱንም በሸክላ እያተሙ ወታደሮቻቸው ባሉበት አገር ሁሉ ይልኩ ነበር፤ ቃኘውም የራሱ ራዲዮ ስለነበረው አስመራ ደርሰዋል። ስፋታቸው 16 ኢንች፣ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተለመደው ትልቁ ሸክላ 30 ነው። አንዱ ገጽ ሩብ ሰዓት ያህል ይጫወታል። ሱቅ ገብተው አያውቁም። የመንግሥት ንብረት ስለሆኑ ጊዜያቸው ሲያልፍ እንዲወገዱ ይታዘዝ ነበር፣ ብርቅ ያደረጋቸውም ይኸው ነው።

ዋጋቸውን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። ከገበያ ሸክላ የተለቀመ ሙዚቃ ያለበት ብዙም አያወጣም፤ ሌላ ቦታ ያልታተመ፣ ተመልካች ፊት የተቀዳ ዝግጅት ከሆነ ግን ሰብሳቢ ይሻማበታል። ስለዚህ የወረቀቱን ጽሑፍና ከወረቀቱ ውጪ ባለው ባዶ ክብ ላይ የተጫረውን ቁጥር ፎቶ አንሺ። ሸክላው የሚታወቀው በቁጥሩ ነው።

ለማጫወት አትሞክሪ። ሰፊ ሳህንና ረጅም ክንድ ያለው የራዲዮ ጣቢያ ማጫወቻ ይፈልጋሉ። መርፌውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፦ የድሮዎቹ መስመራቸው ሰፊ ስለሆነ ያሁኑ ቀጭን መርፌ ታች ገብቶ ይንሸራተታል፣ ከዘፈኑ ይልቅ ኮሽታው ይሰማል።

ሳጥኑ የት ነው ያለው? ቁም ሳጥን ላይ፣ ቆርቆሮው ሥር ከሆነ ዛሬውኑ አውርጂው። የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ያጣምማቸዋል፣ በክረምት ደግሞ የሐይቁ እርጥበት ያሻግታቸዋል። እንደ መጽሐፍ ቀጥ አድርገሽ አቁሚያቸው፣ አንዱን ባንዱ ላይ አትደራርቢ።

አሁን ወደዚያ ከባዱ ልምጣ፣ ልቤ ያለው እዚያ ነው። የቀዳዳውን ጠርዝ በደንብ እዪው። ነጣ ያለ ብረት ብልጭ ካለ፣ አሉሚኒየም ላይ ላኬር፣ ማለትም እንደ ቫርኒሽ ያለ ሽፋን፣ የተቀባ ነው ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ በፋብሪካ አይባዛም፣ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ በቀጥታ የሚቀዳ ነው። ትርፍ ቀዳዳዎቹም ሲቀዳ ሸክላው እንዳይንሸራተት ማሽኑ የሚይዝባቸው ናቸው። የተቀዳው አስመራ ከሆነ ደግሞ በዓለም ላይ ያለው ይኸው አንድ ቅጂ ሊሆን ይችላል፤ ማን እንደተናገረበት፣ ማን እንደዘፈነበት አስቢው እስቲ!

አልኮል አታስነኪው። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሸክላ ላጸዳ ብዬ በአልኮል ጠረግሁት፤ ጨርቁ ጠቆረ፣ ሸክላው ላይ መስመር የሚባል አልቀረም። ምን እንደነበረበት እስከዛሬ አላውቅም፣ እስካሁንም ይቆጨኛል። ያንቺ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካየሽም አትፈትጊው፣ ላኬሩ ማርጀት ሲጀምር የሚያወጣው ነው፣ ጊዜው አጭር ነው ማለት ነው። በንጹሕ ወረቀት ከረጢት ከትተሽ ለብቻው አስቀምጪው፣ የሚችል ባለሙያ አንድ ጊዜ አጫውቶ ወደ ኮምፒውተር ይገልብጥልሽ።

ልጁ ግድግዳው ባዶ እንዳይሆንበት ከ11ዱ የተሰነጠቀ ካለ ስጪው። ባለ እርሳሱን ግን እንዳትሰጪው። ፎቶውን ላኪልኝ፣ ቁጥሩን አብረን እናያለን።