የዲፕሎማት ሰሌዳ ስታዩ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ከአንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ የዲፕሎማት ሰሌዳ ያለው መኪና እግረኛ ማቋረጫው ላይ ቆመ። አንድ ወጣት የትራፊክ ፖሊስ ደብተሩን አውጥቶ ቀረበ፤ ሰሌዳውን ሲያይ ደብተሩን ወደ ኪሱ መልሶ ሄደ። አጠገቤ ከነበሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንዱ «እሱን ሕግ አይመለከተውም» አለ፤ ጓደኞቹም ተስማሙ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በፕሮቶኮል ሥራ የቆየሁ ሰው ነኝና ያን ቃል ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ይመለከተዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 የተፈረመው የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 41 ልዩ መብት ያለው ሁሉ የተቀባዩን አገር ሕግ የማክበር ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 29 እና 31 የሚከለክሉት ሌላ ነገር ነው፤ ሰውየውን ማሰርንና፣ የግል ቤትና መሬት፣ ውርስ ወይም የግል ንግድ ካልሆነ በቀር፣ በእኛ ፍርድ ቤት መክሰስን። ግዴታው አለ፤ የማይደርስበት የእኛ ዳኛ ነው። ልዩነቱ ቀጭን ይመስላል፤ እኔ ግን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በዚያች ቀጭን መስመር ላይ ነው።

መብቱም የሰውየው አይደለም፤ የላከው መንግሥት ነው። መንግሥቱ በግልጽ ካነሣው ዲፕሎማቱ እንደ ማንኛውም ሰው ይከሰሳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 የጆርጂያ ኤምባሲ ሁለተኛ ሰው ዋሽንግተን ውስጥ ጠጥቶ ሲያሽከረክር ባደረሰው አደጋ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ሞተች። ጆርጂያ መብቱን አነሣች፤ ሰውየውም ከ7 እስከ 21 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ላኪው እምቢ ቢል እንኳ አንቀጽ 9 ምክንያት ሳይሰጡ «አንፈልግህም» ብሎ ማስወጣትን ይፈቅዳል። ሁለቱም መንገዶች የሚጀምሩት ግን አንድ ሰው የሆነውን በትክክል ሲመዘግብ ነው። ያ ወጣት ደብተሩን ሲመልስ የጠፋው ይህ መዝገብ ነው።

ይህ ከለላ የኤምባሲን ግቢም ይጨምራል፤ ማክበሩ የሚመርበት ጊዜ አለ። ደርግ በወደቀበት በግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የጣሊያን ኤምባሲ ከገቡት ባለሥልጣናት መካከል የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሎኔል ብርሃኑ ባየህ ይገኙበታል፤ እስከ 2013 ዓ.ም. ከግቢው አልወጡም። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሏቸዋል፤ በሩን ግን ማንም አልሰበረም። ብዙዎች በዚህ ይቆጣሉ። እኔ እኮራበታለሁ፤ የእኛ ኤምባሲ በር በሰው አገር እንዳይሰበር የምንጠይቀው በዚህ አፍ ነውና።

አሁን የሚያመኝን ልንገራችሁ። ተመራማሪዎች የኒው ዮርክን የመኪና ማቆሚያ ቅጣቶች አገላብጠው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1997 እስከ 2002 ድረስ በተባበሩት መንግሥታት የአገሮች ተወካዮች ከ150,000 በላይ ቅጣቶችን ሳይከፍሉ ቀርተዋል። የስዊድን፣ የኖርዌይ፣ የጃፓንና የካናዳ ተወካዮች፣ የሚያስገድዳቸው ሳይኖር፣ ያልከፈሉት አልነበረም። የኢትዮጵያ ግን በአንድ ዲፕሎማት ሲሰላ ወደ 60 ደርሶ ከላይኞቹ ተርታ ተመዝግቧል። ከተማው ሰሌዳ መንጠቅ ሲጀምር ችግሩ ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ ይህም ይበልጥ ያሳፍረኛል፣ መክፈል ይቻል ነበር ማለት ነውና። ስለዚህ የውጭ ግንኙነት የምታጠኑ ልጆች፣ ነገ አገር ወክላችሁ ስትሄዱ የመጀመሪያውን ቅጣት በደረሳችሁ ቀን ክፈሉ።

ኤምባሲ ውስጥ ሾፌር ወይም ጥበቃ ሆናችሁ ለምትቀጠሩም አንድ ነገር ልበል፤ ኢትዮጵያዊ ሆናችሁ እዚሁ ስትቀጠሩ ሰሌዳው አይሸፍናችሁም። ሰው ገጭቶ ሌሊቱን ሙሉ «የኤምባሲ መኪና ነው» እያለ ሲከራከር ያደረ ሾፌር አውቃለሁ። ሲነጋ ቀጣሪዎቹ መጥተው መኪናውን ወሰዱ፤ እሱን ጣቢያ ትተውት ሄዱ።

ያ ወጣት ፖሊስ ይህን ካነበበ፦ ልጄ፣ ሰውየውን አትያዘው፣ መኪናውንም አትፈትሽ። ሰሌዳውን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ጻፍ፤ ሰላምታ ሰጥተህ መኪናውን ከማቋረጫው እንዲያነሣ ጠይቀው። እኔ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ አልጠፋም፤ ምስክር ካስፈለገህ እፈርማለሁ።