ዲበገሩ ሲታደስ፣ ኮዳችሁን ከመንካታችሁ በፊት

ውድ ወጣት ባለሙያዎች፣

ቪዡዋል ስቱዲዮ (ኮድ የምንጽፍበት የማይክሮሶፍት መሣሪያ) ወደ አዲስ ስሪት ሲያድግ ራሳችሁ የሠራችሁት የዲበገር (የስህተት መፈለጊያ) ፕለግኢን፣ ማለትም ተቀጥላ ክፍል፣ ሥራ ያቆማል፤ እናንተም ወዲያውኑ ኮዱን ከፍታችሁ መጠገን ትጀምራላችሁ። ይህን ልማድ ተዉት፣ እለምናችኋለሁ። ትናንት በትክክል የሠራ ኮድ አዳሩን አይበላሽም፤ የተለወጠው ዙሪያው ነው። መጀመሪያ ኮዳችሁ ጭራሽ መጫኑን አረጋግጡ።

ቪዡዋላይዘርን እንውሰድ። ፕሮግራሙ በቆመበት መስመር ላይ የአንድን ተለዋዋጭ ይዘት በራሳችሁ መስኮት፣ በሠንጠረዥ ወይም በሥዕል የሚያሳይ ፕለግኢን ነው። ሁለት ግማሽ አለው። አንዱ በቪዡዋል ስቱዲዮ ውስጥ ይሠራል፤ ሌላው በምትመረምሩት ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ መረጃውን ይልካል። የሚኖሩት በተለያየ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ባለ ፕሮግራም)፣ ብዙ ጊዜም በተለያየ የዶትኔት (የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ መድረክ) ዓይነት ላይ ነው። ስለዚህ «ፕለግኢኑ ተበላሸ» ማለት ምንም አይነግራችሁም፤ የትኛው ግማሽ?

ፍንጩ ያለው ቪዡዋላይዘሩን በምትከፍተው የአጉሊ መነጽር ምልክት ላይ ነው። በተለዋዋጩ አጠገብ ካልታየች ዲበገሩ ፋይላችሁን አላገኘውም ወይም አልተቀበለውም። ያን ጊዜ የመስኮቱን ኮድ መመርመር ከንቱ ድካም ነው። እያንዳንዱ ስሪት የራሱ የቪዡዋላይዘር ፎልደር አለው፤ በ2019ኙ ውስጥ የተዋችሁትን ፋይል 2022 አይፈልገውም። የምትመረምሩት ፕሮግራም በአዲሱ ዶትኔት የተሠራ ከሆነ ደግሞ፣ ወደ እሱ የሚገባው ግማሽ «ኔትስታንዳርድ2.0» በሚባለው ንዑስ ፎልደር ውስጥ መቀመጥ ይችላል። እዚያ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 የወጣው ቪዡዋል ስቱዲዮ 2022 የመጀመሪያው ባለ64 ቢት ስሪት ስለሆነ፣ ለ32 ቢት ብቻ የተዘጋጀ ዲኤልኤል (የተገነባ ኮድ የያዘ ፋይል) በውስጡ አይጫንም። ግምት ሲበዛባችሁ ፕሮሰስ ሞኒተር የተባለውን የማይክሮሶፍት ነፃ መሣሪያ ክፈቱ፤ ቪዡዋል ስቱዲዮ የትኛውን ፋይል የት ፈልጎ እንዳጣው በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ምልክቷ ታይታ ስትጫኗት ስህተት ከመጣ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በሁለቱ ግማሾች መካከል ነው። የቆዩ ቪዡዋላይዘሮች መረጃ የሚለዋወጡት በባይነሪፎርማተር፣ መረጃን ወደ ባይት ቀይሮ በሚያስተላልፈው የዶትኔት ክፍል፣ ነበር። ይህ ዘዴ ለጥቃት የተጋለጠ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ዶትኔት 9 ውስጥ ሥራው ተወግዷል፤ ሲጠራ ስህተት ብቻ ይመልሳል። መረጃውን በጄሰን (በጽሑፍ መልክ በሚጻፍ የመረጃ ቅርጽ) ላኩ፤ ሁለቱም ግማሾች በዚሁ እንዲስማሙ አድርጉ። ሳትዘገዩ እንድታደርጉት የምመክራችሁ የኮድ ለውጥ ይህ ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ የምወድላችሁ ዘዴ ሁለተኛ ቪዡዋል ስቱዲዮ ከፍታችሁ በመጀመሪያው ላይ ማያያዝ ነው። ዲበገሩን በዲበገር መመርመር ማለት ነው። በሞጁሎች መስኮት ውስጥ የእናንተ ዲኤልኤል ከየትኛው ፎልደር እንደተጫነና ስሪቱ ስንት እንደሆነ ይታያል። እዚያ የረሳችሁት አሮጌ ቅጂ ተጭኖ ብታገኙ አትደነቁ፤ በጣም የተለመደ ነገር ነው። አሮጌውን አጥፉ፤ ከአዲሱ ስሪት ጋር የመጣውን የዲበገር ቤተ መጻሕፍት (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ማጣቀሻ አድርጋችሁ ፕለግኢኑን እንደገና ገንቡ። ከዚያ ሁለቱን ግማሾች በየቦታቸው የሚያስቀምጥ አጭር ስክሪፕት ጻፉና ከኮዱ ጋር አስቀምጡት፤ በሚቀጥለው ስሪት ይህን ፕለግኢን የሚረከበው ሰው እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ።