ካራክተር ላይ ነፍስ ለምትዘሩ ልጆች

ሰሞኑን ከኮምቦልቻ አንዲት ልጅ የሠራችውን አኒሜሽን ላከችልኝ። ስደት የሄደ ልጅ ድንገት ተመልሶ እናቱ ደጃፍ ላይ ይቆማል። «ጋሼ፣ የእናትየዋ አፍም ቅንድብም ይንቀሳቀሳል። ግን በድን ትመስላለች። ምን ጎደላት?» አለችኝ።

ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ አክስቴ ቤት ነው ያደግኩት። ልጇ ጂዳ ከሄደ ስንት ዘመኑ! አንድ ቀን ከሰዓት ቡና እየቆላች ሳለ በሩን ጥላ ጋረደው። ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ምንም አልተለወጠም። እጇም ማማሰሉን አልተወም። ቡናው አረረ፤ ጭሱ ቤቱን ሞላው። ከዚያ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች። ትከሻዋ ወረደ። በግራ እጇ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። እንባዋ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እልልታው ደግሞ ከእንባውም በኋላ። ጎረቤት «አብሽሪ!» እያለ ሲገባ ማማሰያው ገና በቀኝ እጇ ነበር።

ስንት ካራክተር ሳንቀሳቅስ ኖሬ ያቺን ቅጽበት አልሠራኋትም። አሁን አክስቴ የለችም። አነሳሷን ደግማ እንድታሳየኝ ልጠይቃት አልችልም።

የዛሬ ልጆች ብሌንደር የተባለውን የአኒሜሽን ሶፍትዌር ከእኛ በተሻለ ታውቁታላችሁ፤ ደስ ይለኛል። ሰው ቁጭ ብሎ ማየት ላይ ግን ትቸኩላላችሁ። ከኢንተርኔት የወረደ እንቅስቃሴ ትለጥፋላችሁ። ከዚያ ወጣቱ ካራክተር ሽማግሌውን ዓይን ዓይኑን እያየ ያናግራል። እኛ ዘንድ ይሄ ድፍረት ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር» ብሎ ከመቀመጫው ከፍ የሚል ሰው እንዴት እንደሚነሳ አይታችኋል? ሙሉ በሙሉ አይቆምም። መቀመጫው ለቀቅ፣ ወገቡ ጎንበስ ይላል። አክብሮቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ፊትን ለመጨረሻ ተዉት እላለሁ። ዓይን ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ከመጀመሪያው አስቡበት። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን እ.ኤ.አ. በ1862 እንዳሳየው፣ የእውነት ሳቅ በዓይን ዙሪያ ያለውን ጡንቻ ያንቀሳቅሳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤክማንና ፍሪሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 የፊት እንቅስቃሴዎችን በቁጥር ለይተው አስቀመጡ፦ የከንፈር ጥግ ሲሳብ 12፣ ያው የዓይን ዙሪያ ጡንቻ ጉንጭን ከፍ ሲያደርግ 6። 12 ብቻውን ሲሆን የይሉኝታ ፈገግታ ይመስላል። 6 ሲጨመርበት ደስታ ይሆናል።

አንቺ የኮምቦልቻዋ ልጅ፣ ለእናትየዋ እጅ ሥራ ስጪው። ጥጥ ትፍተል፣ ሽሮ ታማስል። ልጇን ካየች በኋላ እጇ ለ12 ፍሬም (ፍሬም ማለት አንዱ ምስል ነው) ያህል ሥራውን ይቀጥል፤ በሰከንድ 24 ፍሬም ሂሳብ ግማሽ ሰከንድ ነው። ትንፋሿን አስቀድሚ፣ ትከሻዋን አስከትዪ። አፏን መጨረሻ ላይ ክፈቺው። ስትጨርሺ መልሰሽ ላኪልኝ።