አሻንጉሊቷን ከስቶር አውጥታችሁ ማዋለጃ ክፍል አስቀምጧት

ፕሮጀክቱ አልቆ አሰልጣኙም ከተዛወረ በኋላ ሳይተነፍሱ የሚወለዱ ሕፃናትን የመርዳት ልምምዱን እንዴት እናስቀጥል ላልሽው፣ አዲስ ስልጠና አትጠብቂ። ኒዮናታሊን፣ የመለማመጃዋን የሕፃን አሻንጉሊት፣ ዛሬውኑ ከስቶር አውጪና ማዋለጃ ክፍል፣ የጨቅላ ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጫት። አይቆለፍባት።

ከዚያ፦

1. በሳምንት አንድ ቀን፣ ተረኛ ሲረካከብ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ለአምስት ደቂቃ ተለማመዱ። አንድ ነገር ብቻ፦ የማይተነፍስ ሕፃን በተወለደ በ60 ሴኮንድ ውስጥ በባግና ማስክ (አፍና አፍንጫው ላይ በሚገጠም ጭንብልና በእጅ በሚጨመቅ የአየር ከረጢት) አየር ማግኘት ይጀምር።

2. ሁለት ሦስት አዋላጆች ይምሩት። አንዷ ብትዛወር ሌላዋ ትቀጥላለች።

አምስት ደቂቃ ምን ይሠራል እንዳትዪ። ታንዛኒያ፣ ሃይዶም ሆስፒታል መጀመሪያ የአንድ ቀን ስልጠና ሰጥተው ነበር። ባለሙያዎቹ አሻንጉሊቷ ላይ ጎበዙ፤ እውነተኛ ሕፃን ላይ ግን አሠራራቸው አልተለወጠም። በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱ ሕፃናት የቀነሱት አጫጭር ልምምድ እዚያው ሥራ ቦታ ላይ ሲደጋገም ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የልምምዱ ባግ ከሕፃናቱ ባግ ጋር እንዳይቀላቀል። እኛ ጋ አንድ ሌሊት ቫልቩ የተበላሸ የልምምድ ባግ ማሞቂያው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሕፃኑ ሳይተነፍስ ተወለደ፤ ብንጨምቅ ብንጨምቅ ደረቱ አልነሳ አለ። ሌላ ባግ ቅርብ ስለነበር ተረፈ። ያቺን ደቂቃ እስካሁን አልረሳኋትም። ከዚያ ወዲህ የልምምዱ ላይ ቀይ ፕላስተር እንለጥፋለን፤ የሕፃናቱን ባግ ደግሞ ተረኛዋ ሥራ ስትረከብ ጨምቃ ታየዋለች።