ነፃ መድኃኒቱን ማን ከፈለበት? ጥያቄና መልስ ከሀዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የቲቢና የኤችአይቪ ክፍል ለ14 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። «የውጭ እርዳታ ቆመ፣ መድኃኒት ሊቀር ነው» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ስላስጨነቀ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እነሆ የመጣውን ያህል።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ስወስድ 11 ዓመት ሆነኝ። አንድ ብር ከፍዬ አላውቅም። ማን ነው የሚከፍልልኝ?

ወንድሜ፣ ብዙ ሰው ነው። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ግሎባል ፈንድ ይባላል። በ2002 ተቋቋመ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምነግርህ)፣ መቀመጫው ጄኔቭ ነው፣ የሚሠራው በኤችአይቪ፣ በቲቢና በወባ ላይ ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው ከመንግሥታት ይመጣል፤ ከአሜሪካ፣ ከፈረንሳይ፣ ከጀርመን፣ ከእንግሊዝ፣ ከጃፓን። ሁለተኛው በ2003 የተጀመረው፣ ፔፕፋር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የኤችአይቪ ፕሮግራም ነው። የእኛ መንግሥት ደግሞ ደመወዙን፣ ሕንፃውን፣ መጋዘኑን ይችላል። በነፃ መስጠት የተጀመረው በ2005 ነው።

ዋጋው እንዴት እንደወረደ ልንገርህ። በ2000 አካባቢ የአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። በ2001 ሲፕላ የተባለው የህንድ ፋብሪካ በ350 ዶላር አቀርባለሁ አለ። ዛሬ ግሎባል ፈንድ ለዓመት ከ37 ዶላር በታች ይገዛዋል። ፋብሪካዎቹ ተወዳደሩ፣ የብዙ አገር ፍላጎት ተሰብስቦ በጅምላ ተገዛ። አንድ አገር ለብቻው ገበያ ቢወጣ ይህን ዋጋ አያገኝም።

ጥያቄ፦ ፈረንጅ በነፃ አይሰጥም። ምን ፈልገው ነው?

ፖለቲካ የለበትም አልልህም። ግን ተላላፊ በሽታ የጎረቤት ቤት እሳት ነው። ፈንጣጣን አስታውስ። አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት በሌላው ሁሉ ሲጣሉ በዚህ ግን አብረው ሠሩ። በአገራችን የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በ1976 ነው፤ በዓመቱ ሶማሊያ ላይ አበቃ፤ በ1980 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ሀብታሞቹ አገሮችም ለፈንጣጣ ክትባት ማውጣት ቀረላቸው። በእኛው አቆጣጠር በህዳር 2018 ጂንካ ላይ ማርበርግ የሚባለው ገዳይ ተላላፊ በሽታ ሲገኝ እኛስ ምን ያህል ደነገጥን? ጂንካ ላይ ቶሎ ካልቆመ ሀዋሳ መናኸሪያ ይደርሳል ብለን አይደል?

ጥያቄ፦ ታዲያ አሁን ተቆርጧል አይደል? እናንተ ጋ ምን ተለወጠ?

አዎ። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ለ90 ቀን አስቆመ። ሕይወት አድን የተባለው በልዩ ፈቃድ ቀጠለ። የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ግን ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ተዘጋ። ግሎባል ፈንድም ለቀጣዮቹ 3 ዓመታት 18 ቢሊዮን ዶላር ፈልጎ፣ በኖቬምበር 2025 ቃል የተገባለት 11.34 ቢሊዮን ነው።

እኛ ጋ ክኒኑ አልተቋረጠም። የሄደው ሰው ነው። በፕሮጀክት የተቀጠረ አንድ ልጅ ነበረን፤ ቀጠሮ ያለፈበትን ሁሉ እየደወለ የሚፈልግ። ሰማያዊ ደብተር ነበረው። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የጎረቤት ስልክ፣ የሱቅ ስልክ፣ «ከወፍጮው ጀርባ፣ አረንጓዴ በር» ብሎ ይጽፋል። ኮንትራቱ ሲቋረጥ ደብተሩን ለእኔ አስረክቦኝ ሄደ። ከሥራ በኋላ እደውላለሁ፤ ግን ግማሹንም አላዳርስም። አንዲት እናት 3 ሳምንት ቀርተው ሲመጡ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። «የሚደውልልኝ ልጅ የት ሄደ?» አሉኝ። እስካሁን ውስጤን ይበላኛል።

ጥያቄ፦ የቲቢ መድኃኒት ከጀመርኩ 2 ወር ሆነኝ። እንዳያልቅ ፈርቼ አንድ ቀን እየዘለልኩ ልውሰድ ወይ?

በፍጹም እንዳታደርጊው እህቴ! የጀመርሽ ዕለት ስምሽ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ካርቶን አይተሻል? የ6 ወሩ መድኃኒትሽ ሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ያንቺ ነው፣ ለሌላ አይሰጥም። ካርቶን በሰው ስም የሚደረገው መሃል ላይ እንዳያልቅብሽ ነው። መጀመሪያ 2 ወር በአራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር በሁለት። ብትዘዪ ተህዋሲው መድኃኒቱን ይለምደዋል። የተላመደውን ቲቢ ማከም ደግሞ ከባድም ውድም ነው። ሽንትሽ ብርቱካንማ መሆኑም አያስፈራሽ፤ ከመድኃኒቱ ነው።

ጥያቄ፦ የእርዳታው ገንዘብ ይበላል ይባላል።

የሚበላበት አገር አለ። ለዚህ ነው ግሎባል ፈንድ የራሱ መርማሪ ቢሮ ኖሮት የሚያገኘውን ጥፋት በይፋ የሚያወጣው። አንተም ነፃ ለሆነ የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት ክፈል ከተባልክ አትክፈል። ኃላፊውን ጥራ።

ጥያቄ፦ እኛ ራሳችን ለምን አንችልም?

ልንችል ይገባል። በ2001 የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገቡ። አብዛኛው አገር አላደረገውም። ይህ ያናድደኛል። ጤና ኤክስቴንሽንን ቀበሌ ለቀበሌ የዘረጋን አገር ነን። ሁሉንም በአንዴ መሸፈን ይከብዳል፣ ይገባኛል። ከእኔ ቢጠየቅ ግን መጀመሪያ የዚያ ደዋይ ልጅ ደመወዝ በመንግሥት በጀት ይግባ። ከክኒኑ ጋር ሲተያይ ትንሽ ገንዘብ ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። ለአራት አንድ ክፍል ተከራይተናል። አንዷ 3 ሳምንት ሙሉ ታስላለች፤ ክፍያ ፈርታ አልሄድም አለች።

2 ሳምንት ያለፈ ሳል ይመረመራል። የአክታ ምርመራው ነፃ ነው፣ ከተገኘባትም ሕክምናው ነፃ ነው። ዛሬ ማታ መስኮቱን ክፈቱት። ነገ ጠዋት አፏን ሸፍና ይዘሻት ነይ፤ 2 ሰዓት ላይ በር ላይ አለሁ። ሌሎቻችሁም ኑ፣ አብረን እናያችኋለን።