የቻይናው ቅጠል ፓፉን ይተካል?

ጥያቄ፦ አባቴ 64 ዓመታቸው ነው። ለብዙ ዓመት ያጨሱ ነበር፤ ከተዉ 3 ዓመት ሆኗቸዋል። ሐኪም ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ ብሎ ቧንቧውን የሚከፍት ሳልቡታሞል የሚባል ፓፍ (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) አዘዘላቸው። ሲብስባቸው ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ (እብጠት የሚያስታግስ መድኃኒት) ይጨመርላቸዋል። ከቻይናዎች ጋር የሚሠራው ወንድሜ የሚፈላ ቅጠላ ቅጠል በከረጢት፣ ጥቁር ክኒን ደግሞ በብልቃጥ አመጣላቸው። በ4ኛው ቀን ትንፋሻቸው ቀለል አለ፤ ግን ልባቸው ይመታል፣ እንቅልፍም የላቸውም። አሁን 10 ቀን ሆኗቸው «ፓፉን ልተወው» ይላሉ። ምን ይሻላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህታችን፣ ፓፉን አይተዉ። የሚቆመው ቅጠሉና ክኒኑ ነው። ከረጢቱንም ብልቃጡንም ሳትጥዪ ይዘሽ፣ አባትሽን ዛሬውኑ ወደ ሐኪማቸው ውሰጃቸው።

ከረጢቱን ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግፊው። እንደ መጥረጊያ ስንጥር የቀጠነ፣ ቀጥ ያለ፣ አረንጓዴው ወደ ቢጫ የሚያደላ ባለ አንጓ ግንድ ካየሽ፣ ማሁዋንግ የሚሉት ሊሆን ይችላል። ውስጡ ኤፌድሪን አለ። ቻይናውያን ከጥንት ጀምሮ ለሳልና ለትንፋሽ ማጠር የሚያፈሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኤፌድሪን የአየር ቧንቧን በእርግጥ ይከፍታል። ግን ልብን ያፋጥናል፣ ደም ግፊት ያንራል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ሳልቡታሞልም ልብ ስለሚያስመታ ሁለቱ ሲደራረቡ ያረጀ ልብ አይችለውም። አሜሪካ ኤፌድራ (ይኸው ማሁዋንግ) ያለባቸውን የምግብ ማሟያዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ያገደችው በዚሁ ጠንቅ ነው። ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካቲኖንም፣ የኤፌድሪን የቅርብ ዘመድ ነውና አባትሽ የሚቅሙ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው።

በብዙ የቻይና ቅይጥ ውስጥ ጋንጻኦ የሚባል ጣፋጭ ሥር ይገባል። ሲበዛ ፖታሲየም ያወርዳል፣ ጨውና ውኃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራል። ፕሬድኒሶሎንና ሳልቡታሞልም ፖታሲየም ስለሚያወርዱ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል። ማዶሊንግ የሚባለው የሳል ፍሬ ከሁሉም ይከፋል፤ በውስጡ ያለው አሪስቶሎኪክ አሲድ ኩላሊት ያጠፋል፣ ካንሰርም ያመጣል።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ክኒኑ ነው። «ንጹሕ ቅጠል» ተብለው በተሸጡ ክኒኖች ውስጥ ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን የሚባሉ ስቴሮይዶች ተደብቀው በላቦራቶሪ የተገኙበት ጊዜ አለ። በጥቂት ቀን የሚያቃልል ክኒን ስታዪ ይህን ጠርጥሪ። በስቴሮይድ ፊት ያብጣል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፈታል፣ የደም ስኳር ይወጣል። ለብዙ ሳምንት የወሰደ ሰው ድንገት ማቋረጡም አደጋ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ያለ ሐኪም ምክር አያቁም።

የቻይናን መድኃኒት ሁሉ ለመናቅ አይደለም። የወባው ኮአርተም መነሻ የቻይና ቅጠል ነው፤ ከቅጠሉ የሚወጣውን የወባ መድኃኒት፣ አርቴሚሲኒንን፣ ያገኙት ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ያ ግን ተነጥሮ፣ መጠኑ ተለክቶ፣ በሕሙማን ላይ ተፈትኖ ነው። ለአባትሽ ሕመም በተደረጉት ጥናቶች ሳል ያስታገሱ ቅይጦች ቢኖሩም፣ አብዛኞቹ ጥናቶች አነስተኛና ደካማ ናቸው። የፈረሰ ሳንባን የሚመልስ ቅጠል የለም። ደግሞም የቻይና ባህል ሐኪም ሕመምተኛውን አይቶ በግራም መዝኖ ነው የሚያዘጋጀው፤ ለሌላ ሰው የተመዘነ ከረጢት ለአባትሽ አልተሠራም።

ፓፉ «አልሠራም» የሚባለው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ስለሚቀር ነው። ይህን ለመቀነስ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውሰጂ። በሳሙና እጠቢውና ሳታለቀልቂ በአየር ይድረቅ፤ እንዲያ ሲሆን መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ አይጣበቅም። ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ብቻ ብሺው፤ ክፍተት ከተረፈ በፕላስተር ድፈኚ። ፓፉን በደንብ ነቅንቀሽ በቀዳዳው አስገቢ። አባትሽ ተቀምጠው አየር ያውጡና የጠርሙሱን አንገት በከንፈራቸው ይግጠሙ። አንዴ ብቻ ንፊ፤ በዝግታ ስበው እስከ 10 ቆጥረው ይያዙ። መያዝ ካቃታቸው ከጠርሙሱ 4 ወይም 5 ጊዜ ይተንፍሱ። ሁለተኛው ከመነፋቱ በፊት ፓፉ እንደገና ይነቅነቅ። ሁለቱን አከታትሎ መንፋት መድኃኒቱን ያባክናል።

ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ብሏቸው ከተደናገሩ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ ሳንባዋን ስለሚያማት ባሕር ዛፍ አፍልታ ትታጠናለች። ጉዳት አለው? (ከአዳማ)

መልስ፦ እንፋሎቱ የተዘጋ አፍንጫ ሊያቃልልላት ይችላል፤ የጠበበውን የሳንባ ቧንቧ ግን አይከፍትም። ድስት ላይ ጎንበስ ማለት ፊት ያቃጥላል፤ ሽታው ራሱ ሳል የሚቀሰቅስባቸው ሰዎችም አሉ። ቅጠሉን አንድዶ ጭሱን መታጠን ግን ፈጽሞ አይገባም። ከሰሉና ዕጣኑ ከቤት ውጭ ይሁን፤ እንጀራውንም ሌላ ሰው ይጋግርላት።